ሰሙ የት ሄደ?

ከቅኔ ቤት ጨለማ እስከ አማርኛ ደብተር፦ የግጥም ስሞች እንዴት ይለመዳሉ?

የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት በአማርኛ ፈተና ዋዜማ ደብተሯን ታቅፋ እኛ ቤት መጣችና «ጋሼ፣ ጠይቀኝ» አለችኝ። ደብተሩ ላይ በቀይና በሰማያዊ እስክሪፕቶ የተሰመረ ሠንጠረዥ አለ፤ በግራ ስም፣ በቀኝ ፍቺ። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ እንቶኔ፣ አያዎ። እኔ ስሙን ስጠራ እሷ ፍቺውን ትለቀዋለች። «ሰውኛ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይ በመስጠት የሚነገር የዘይቤ ዓይነት ነው።» በአንድ ትንፋሽ። አንዲት ቃል አልሳተችም።

በማግስቱ ከፈተና ስትወጣ ልቀበላት ሄድኩ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመናል፤ ቀትር ነው፤ አስፋልቱ ይፋጃል። ከፊታችን የነበሩ እናት ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው እየሳቡ «ኧረ ዛሬስ ፀሐይዋ ጨከነችብን» አሉ። ዝቅ ብዬ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«አሁን ያሉት።»

ዞር ብላ ሴትዮዋን አየቻቸው። «ምንም አይደለም፤ ወሬ ነው» አለችኝ።

ፈተናውን ጥሩ ሠርታለች፤ ኋላ ውጤቷንም አይቻለሁ። ነገር ግን ያ «ወሬ ነው» ያለችው ነገር ከራሴ አልወጣ አለ። ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም። ፍቺውን ታውቃለች፤ የተፈታውን ነገር ግን መንገድ ላይ ስታገኘው አልለየችውም። እኔስ በእሷ ዕድሜ እለየው ነበር? አይመስለኝም። እኛም ያው ሠንጠረዥ ነበረን፤ ልዩነቱ የእኛን መምህሩ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ማስመሩ ብቻ ነው።

«ቀተለ» ብሎ መጀመር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎጃም ውስጥ ከአንድ ቅኔ ቤት አምሽቼ አድሬያለሁ። ቅኔ ቤት ሲባል ቤት የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል። ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዝቅ ብሎ ተዳፋቱ ላይ የተበተነ የሣር ጎጆ ነው፤ ሁለት ሦስት ተማሪ ተጠጋግቶ የሚተኛበት፣ ጎንበስ ካላሉ የማያስገባ። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» ተብሎ ከየደጃፉ የተለመነው ቁራሽ ከአኩፋዳው ይወጣል፤ ይበላል። የማን ውሻ ማንን እንዳባረረ ይወራል፣ ይሳቃል። ከዚያ ይመሻል፤ ትምህርቱም የሚደራው ያኔ ነው።

ጨለማው ውስጥ መጀመሪያ አንድ ድምፅ ተነሣ። ከወዲያኛው ጎጆ ሌላው ተቀበለው። ጥቂት ቆይቶ ተዳፋቱ በሙሉ እንደ ንብ ቀፎ ያጉተመትም ጀመር። የሚታይ ነገር ቢኖር እዚህም እዚያም የፍም ነጥብ ብቻ ነው። መጽሐፍ የያዘ የለም፤ ቢይዝስ በምን ብርሃን ያነበዋል? ግስ እያወረዱ ነበር።

በቅኔ ቤት አፍ «ግስ» ሲባል በአማርኛ ሰዋስው የምናውቀው ግስ ብቻ አይደለም፤ የግእዝ የቃል ጎተራ ነው፤ ቃሉ ከነፍቺው፣ ከነእርባታው፣ ከነዘመድ አዝማዱ። ተማሪው ከዚህ የሚደርሰው ንባብ ቤትን ጨርሶ ነው። በዚያ ቤት ድምፅን ማንሣትና መጣል ተምሯል፤ ስሞቹም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ ናቸው። አንባቢ ልብ ቢል እነዚህ ፍቺ የሚሹ ስሞች አይደሉም። ተነሽ ይነሣል፤ ወዳቂ ይወድቃል። አፉን የከፈተ ሁሉ በጉሮሮው ያውቃቸዋል።

የግስ አርእስት ብዙውን ጊዜ 8 ተብለው ይቆጠራሉ። ዝርዝሩ ከቤት ቤት ይለያያል፤ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ግን ከፊት አይጠፉም። የመጀመሪያው «ገደለ» ነው፤ ሁለተኛው «ቀደሰ፣ አመሰገነ»። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ትምህርቱን በግድያ ይጀምራል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ የኔታን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ሦስቱም ፊደል ጤነኛ ስለሆነ ነዋ ልጄ! ሕመምተኞቹን ኋላ ታገኛቸዋለህ።» ሕመምተኛ ያሏቸው ሲረቡ ፊደላቸው የሚወድቅባቸውን፣ የሚሳሳባቸውን፣ የሚለወጥባቸውን ግሶች ነው። ይህን ነገር በሰዋስው መጽሐፍ ሳነበው ሁለት ገጽ ፈጅቶ አልገባኝም ነበር።

በዚህ ሁሉ ሽምደዳ መሐል ስለ አብሾ ሳይነሣ አይቀርም። አብሾ ጠጥቶ አእምሮው የተከፈተለት፣ አብሾ ጠጥቶ ያበደ፣ ሁሉም አንድ ሰው ያውቃል። እኔ ያየሁት አልነበረም፤ ያየሁት እንቅልፍ አጥቶ አንዱን ቃል ሠላሳ ጊዜ የሚደግም ልጅ ነው። ዕፁ መርዝ መሆኑ እርግጥ ነው፤ የኔታም ስሙ ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል። ለሥራ የሚገባውን ምስጋና ቅጠል ሲወስደው ደስ የሚለው መምህር የለም።

ዘረፋ፣ ቆጠራ፣ ነገራ

የዚህ ቤት ቃላት አንዳንዱ ለውጭ ሰው ወንጀል ይመስላል። «እገሌ ጥሩ ይዘርፋል» ቢሉህ ሌባ አይደለም፤ ሳያመነታ ቅኔውን ካፉ የሚያወጣ ማለት ነው። ዘረፋ፣ ቆጠራ፣ ነገራ። መምህሩ ይዘርፋል፤ ተማሪው ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይነግራል። የቀኑ ውሎ ይኸው ነው።

ሲነጋ የኔታ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዙሪያቸውን ደበሎና ጋቢ የለበሰ ሁሉ ከቧቸው ዘረፉ። ከዚያ ጉባኤው ተበተነ። አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ መቃብር ቤቱ ጥግ፣ አንዱ ከድንጋይ ካብ ኋላ። ሁሉም ለየብቻው። አንድ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወይራ ሥር ተቀምጦ ራሱን በጋቢ ተከናነበ። ከጋቢው የሚታየው ቀኝ እጁ ብቻ ነው፤ አውራ ጣቱ በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ቆጠራ ያሉት ለካ ቆጠራ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነገራ ሆነ። ልጁ ተራው ደርሶ ቀረበ፤ አለ። የኔታ ከሁለተኛው ቤት መሐል አቋረጡት። «ቤት አልመታም፤ ሂድ።» ሄደ። ወይራው ሥር ተመልሶ ተከናነበ። ሁለተኛ መጣ፤ አሁን ቤቱ መታ፣ ምሥጢሩ ግን ሰንፎ ነበር መሰል፣ ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩበት። ሦስተኛ ሲመጣ ጀንበሯ ዘቅዝቃለች። አለ። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና «ይሁን» አሉ። ልጁ እንደ ፍየል ግልገል ዘሎ ነው የሄደው።

ተከትዬው ሄጄ፣ ያንኑ የደብተር ጥያቄ ጠየቅሁት። «ጉባኤ ቃና ማለት ምን ማለት ነው?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ሁለት ቤት ነው» አለ። ይህ እንዳልበቃኝ ከፊቴ ሲረዳ «እንዲህ ነው እኮ!» ብሎ አንዱን አለልኝ።

> «ማለት ምን ማለት ነው?» ሲባል የሠንጠረዡ ልጅ ፍቺ ትሰጣለች፤ የቅኔ ቤቱ ልጅ ቅኔውን።

ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፤ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ 3፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። ሌሎችም አሉ። ተማሪው አንዱን ሳይችል ወደ ሌላው አይሻገርም፤ መወድስ ደርሶ ሁሉንም የሚቆጥር «ሙሉ ቤት» ይባላል። «ቤት» የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ስንት ሥራ እንዳለበት ይታይ። መማሪያው ቤት ነው፣ የግጥሙ መሥመር ቤት ነው፣ ሲሰምር «ቤት መታ» ይባላል፣ የጨረሰው «ሙሉ ቤት» ነው። «ቀለም» የሚለውም እንዲሁ ነው፦ መጻፊያው ቀለም፣ ትምህርቱ ቀለም፣ ግጥም ስንመጥን የምንቆጥረው ድምፅም ቀለም። «ቅኔ» ራሱ የመጣው «ቀነየ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ገዛ፣ አገለገለ ከሚለው። ቅኔ ማለት በመጀመሪያ መገዛት ነው፣ አገልግሎት ነው። ለዚህም ይመስላል በልማዱ ማኅሌት ላይ የቀረበ ቅኔ ተመልሶ የማይባለው። የዛሬው ለዛሬ ነው፤ ለነገው ሌላ ይቆጠራል። ስንት ሺህ ቅኔ እንዲህ በአንድ ቀን ተወልዶ በዚያው ቀን እንዳለፈ ሳስበው ለሚጽፍ ሰው ትንሽ ያስፈራል።

ወርቅ ሠሪው ምን አለ?

ከሁሉም የግጥም ቃላት ሕዝብ አፍ ውስጥ የገባው «ሰምና ወርቅ» ነው። ፓርላማ ላይ ይነሣል፣ ሠርግ ላይ ይነሣል፣ የሶሻል ሚዲያ ቀልድ ላይ ይነሣል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል ላሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ያደረገው ይህንኑ ነው። ትርጉሙን ማንንም ብትጠይቁ «ሰም ሽፋኑ፣ ወርቅ ውስጡ» ይላችኋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። አንድ ወርቅ ሠሪ ሲሠራ እስካየሁ ድረስ።

ሰውየው ትንሽ የሰም ድቡልቡል ከመዳፉ ሙቀት ጋር አስማማና መስቀል አበጀለት። የሰም መስቀል። ጫፎቹን በስል ብረት እየጫረ አሳመረ፤ ደቃቅ ሐረጎቹን ሳይቀር። ከዚያ ላዩን ቀጭን ጭቃ ቀባው፤ ሲደርቅ ደገመው፤ ሠለሰው። መግቢያ ቀዳዳ ተወለት። ጭቃው ሲጠነክር ከሰል ላይ አኖረው። ሰሙ ቀለጠ፣ በቀዳዳው ወረደ፣ እሳቱ ላይ ተንጫጫና ጠፋ። በባዶው ቦታ የቀለጠውን ወርቅ አፈሰሰበት። ቀዝቅዞ ጭቃው ሲሰበር ወርቁ ያንኑ መስቀል ሆኖ ወጣ፤ የሰውየው ብረት የጫረው ጭረት እንኳ አልቀረም።

«አየህ፣ ሰሙ ሽፋን አይደለም» አለ፣ እኔ ያልጠየቅሁትን። «ሽፋኑ ጭቃው ነው። ወርቅ የራሱ መልክ የለውም፤ መልኩን የሚሰጠው ሰሙ ነው። ሰም ላይ ያበላሸኸውን ወርቅ አያስተካክልልህም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ «ሰም ሽፋኑ» የሚለውን መናገር አቁሜያለሁ። ሰም ማለት እውነትን ለመደበቅ የተለጠፈ ውሸት አይደለም። ሰም ከሌለ ወርቁ የሚፈስበት መልክ የለውም። ቃሉን ያወጣው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከወናፍ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ነው። እኛ ወናፉን ረስተን ቃሉን ብቻ ያዝነው፤ ስለዚህ ገልብጠን ተረጎምነው።

> «ሰም ላይ ያበላሸኸውን ወርቅ አያስተካክልልህም።»

ሌላም ስሕተት አለብን። በመንገድ ላይ «ሰምና ወርቅ» የምንለው አብዛኛው፣ በቅኔ ቤት ሚዛን ሰምና ወርቅ አይባልም። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከም ሊቃውንቱ «ኅብር» ይሉታል። ሰምና ወርቅ በጥብቁ ትርጉሙ ሰሙም ወርቁም ጎን ለጎን የሚታዩበት ነው፤ «በድህነት ብርድ የተንቀጠቀጠው ልጅ የደግነት ጋቢ ለበሰ» ብንል ብርድ፣ መንቀጥቀጥና ጋቢ ሰም ናቸው፤ ድህነትና ደግነት ወርቅ። የተደበቀ ነገር የለም፤ ሁለቱ ገመዶች አብረው ተገምደዋል። የተደበቀው «ውስጠ ወይራ» ነው። ላዩ ሌላ ዛፍ፣ ልቡ ወይራ። እንግዳ አምሽቶ አልሄድ ሲል የቤቱ ባለቤት በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ «ዛሬ ጨረቃዋ እንዴት ደምቃለች፣ መንገዱ እንደ ቀን ይታያል» ቢሉ ውስጠ ወይራ ነው። ያልገባው እንግዳ ጨረቃዋን ያደንቃል።

ወርቁ ጭቃ ውስጥ ሲቀር

ኅብርን ለማሳየት የሰው ግጥም ከመዋስ ብዬ እኔው ሞከርኩ። ወይራው ሥር ያየሁት ልጅ ሁለት ጊዜ ከተመለሰ እኔ አንድ ጊዜ ብዋረድ ምን አለበት?

ስንቱን ሲያስተምሩ የኔታ አረፉ፤
ነፍሳቸውም ይማር በከንቱ እንዳይለፉ።

ልኬቱ የወል ቤት ነው፤ በአማርኛ ግጥም በብዛት የሚሠራበት፣ ግማሹ 6 ቀለም፣ ሙሉው 12። ጣቶቻችሁን አውጡና ቁጠሩት። ኅብሩ ያለው «ይማር» ላይ ነው። «ማ»ን አጥብቃችሁ ስታነቡት ትምህርት ነው፦ ሌላውን ሲያስተምሩ የኖሩት የኔታ አሁን ዕረፍት አግኝተዋልና ነፍሳቸው ደግሞ እስኪ ትማር። አላልታችሁ ስታነቡት ምሕረት ነው፦ ሞተዋልና ነፍሳቸውን ይማር። «አረፉ» የሚለውም ዕረፍት ወስደውም ሞተውም ይሆናል። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። በሰዋስው ትምህርት እንደ ጉድለት የሚነገረን ይህ ነገር ለገጣሚ ሲሳይ ነው።

ደስ ብሎኝ ለአንድ የማውቀው ሰው አነበብኩለት። በልጅነቱ ቅኔ የቆጠረ፣ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት የሚያገላብጥ ነው። ቡናውን አስቀመጠ።

«‹ነፍሳቸውም› ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ምሕረት ከሆነ ‹ነፍሳቸውንም› ነው መሆን ያለበት። ማሪው እግዚአብሔር፣ የሚማረው ነፍስ። ‹ን› ጎደለችህ። ‹ን› ብታስገባ ደግሞ ትምህርቱ ይበላሽብሃል፤ የምትማረው ነፍሷ ራሷ ናትና።» ትንሽ ዝም አለ። «ሰሙን አሳምረሃል። ወርቁ ግን ጭቃው ውስጥ ቀርቶብሃል።»

ተከራከርኩ። ሕዝቡ «ነፍስ ይማር» ሲል «ን» አይልም፤ ለቅሶ ቤት የሚባለውን ነው የተከተልኩት አልኩት። «እሱ ነው ያዳነህ» አለ፤ «አንተ አይደለህም ኅብሩን ያመጣኸው፤ ለቅሶ ቤቱ ነው። ቅኔ ቤት ቢሆን ‹ሂድ› ትባል ነበር።» ፈገግ እያለ ቡናውን አነሣ። በዚያች አንድ ፊደል ስለ ተሳቢ የተማርኩት፣ ትምህርት ቤት በስንት ዓመት ከተማርኩት ይበልጣል።

ቃሉን ወይስ ስሙን?

አሁን ወደ ሠንጠረዡ እንመለስ። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ክርክር «ሽምደዳ ይቅር» የሚል ነው። የቅኔ ቤትን ሌሊት ያየ ሰው ይህን ለማለት አይደፍርም፤ ከዚያ በላይ የሚሸመድድ ቤት የለም። ልዩነቱ በሚሸመደደው ነገር ላይ ነው። ቅኔ ቤት የሚያሸመድደው ቃሉን ነው፤ የጥበቡን ስሞች ግን ተማሪው እየሠራ፣ እየተሳሳተ፣ «ሂድ» እየተባለ ነው የሚያውቃቸው። የእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ስሞቹን ያሸመድድና ቃሉን ይተዋል። ልጅቱ ሰባት የዘይቤ ዓይነት ታውቃለች፤ የምትዘይርበት ቃል ግን የላትም።

ቃል ማከማቸት ምን ያህል ዕድሜ እንደሚበላ ለማወቅ አንድ መጽሐፍ ማንሣት ይበቃል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ወጥኑ የመምህራቸው የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነው። መምህሩ አደራውን ለተማሪያቸው ተዉ። ተማሪው በኢየሩሳሌምና በአገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ ታትሞ ሳያዩት አረፉ። አደራው ወደ ሦስተኛው ሰው፣ ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ዞረ፤ መጽሐፉም በ1948 ዓ.ም. ወጣ። ደስታ በተራቸው የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። ያልለመደ ሰው እነዚህን መጻሕፍት ከፍቶ «ሀ»ን ከመጀመሪያው ገጽ ሲፈልግ ያጣታል፤ የተደረደሩት በአበገደ ነውና። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጎደሎ ኮፒ የገዛሁ መስሎኝ ልመልሰው ነበር» ብሎኛል።

ከቃል ማከማቸት ጎን ቃል መፍጠርም አለ። የሠንጠረዡ ስሞች ራሳቸው ብዙዎቹ በቅርብ ዘመን የተበጁ ናቸው። «አያዎ»ን እዩት፦ «አይ» እና «አዎ» ተጋቡና ተቃርኖን የሚሸከም ቃል ወለዱ። ከዚህ የተሻለ ስም ለዚህ ነገር የትም አገር ያለ አይመስለኝም፤ ስሙ ራሱ የሚሰይመውን ያደርጋል። «ሥነ ግጥም» ሲባል ደግሞ «ሥን» በግእዝ ውበት ነው፤ የግጥም ውበት እንደ ማለት። ኋላ «ሥነ»ን በየትምህርቱ አንገት ላይ ስናስር ውበቱ ተረሳና የጥናት ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለውን ነገር ልጆች ቢነገራቸው ሠንጠረዡ ትንሽ እስትንፋስ ያገኝ ነበር።

> «አያዎ» ስሙ ራሱ የሚሰይመውን ያደርጋል።

ተቀበል!

ቅኔ ቤትን ገነት አድርጌ ላቀርብ አልፈልግም። ረሃብ አለ፣ እከክ አለ፣ ውሻ አለ፣ ዱላም ነበር። በሩም ከሞላ ጎደል ለወንድ ልጅ ብቻ ነው የተከፈተው። ለዚህ ነው የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስም ሲነሣ ሰው ቀና የሚለው፤ በልጅነታቸው የዐይናቸውን ብርሃን ያጡ፣ ከአባታቸው ከቅኔ መምህሩ የተማሩ፣ ኋላም በጎጃም ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶችን ያስተማሩ ሴት ናቸው። አንዲት ናቸው ተብለው መነገራቸው ግን ለቤቱ ምስጋና አይደለም። ደግሞም ያ ትምህርት ዓመታት ይፈጃል፤ የእህቴ ልጅ ሒሳብም ፊዚክስም አለባት።

አንድ የአማርኛ መምህር ይህን ሁሉ ሳወራለት በትዕግሥት ሰማኝና «ጥሩ» አለ። «እኔ ክፍሌ ውስጥ ወንበር እስኪጠብ ልጅ አለ። ሁሉንም ግጥም ባስገጥም ደብተሩን መቼ አርሜ እጨርሳለሁ? ፈተናው ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ፍቺ ካላስያዝኳቸው ይወድቃሉ፤ ሲወድቁ ወላጅ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓርብ የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ ሰርቆ ስድብ እንደሚያስመጣቸው ነገረኝ። የሠፈር ስድብ፣ የአያት ስድብ፤ ጸያፉ ተለይቶ። «ግነትና ምጸትን ከዚያ በላይ የሚያስተምር የለም። ብርጭቆ ለሰበረ ልጅ ‹ጎበዝ!› ያላለች እናት አለች?»

ሌላው የሚሠራበት ቤት አዝማሪ ቤት ነው። ማሲንቆው ያንጎራጉራል፤ ከጠረጴዛው አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ይጥላል። አዝማሪው ተቀብሎ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይወረውራል። ኅብሩ የገባው ቀድሞ ይስቃል፤ ያልገባው ከሳቁ በኋላ ይስቃል፤ ማን መቼ እንደሳቀ ሁሉም ያያል። ከዚህ የበለጠ ፈተና ምን አለ? በከተማው በየጊዜው በሚዘጋጁት የግጥም ምሽቶችም ያንን ዘግይቶ የሚመጣ ሳቅ ሰምቻለሁ። አንድ ወጣት ገጣሚ ግን ይህ ሳቅ ያሳስበዋል። «ኅብር ስጥል ያጨበጭባሉ፤ ዝም ያለ ግጥም ሳነብ ስልካቸውን ያያሉ። ቃል መጫወት ብቻ ግጥም እየመሰለን ነው።» እውነት አለው። ወርቅ የሌለበት ሰምም አለ፤ ገበያው ላይ ደግሞ እሱ ይበዛል።

ባለፈው ሳምንት ማታ ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ናት። ድምፅዋ ከጨለማ ውስጥ እንደሚመጣ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ መብራት ሄደ።»

«እኛም ጋ ሄዷል።»

«እሱን አይደለም። ‹ሄደ› እንላለን አይደል? ‹መጣ› እንላለን። እግር አለው እንዴ?»

ዝም አልኩ። ከወዲያ እናቷ ሻማ ፈልጊ እያለች ስትቆጣ ይሰማኛል።

«ሰውኛ ነው፣ አይደል?» አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ «ግን ሁሉም ሰው የሚለው ከሆነ ይቆጠራል? ፈተና ላይ ቢመጣ ይታረማል?»

አላውቅም አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ለእናቷ «መጣሁ፣ ሻማዋ ተደብቃብኝ ነው!» ስትል ሰማኋት።